በጦጣ የተሞከረው መርፌና የኩላሊት ክኒን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከወሎ ከተሞች ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፦ የተተከለን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርግ፣ በእንስሳት ላይ የተሞከረ፣ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል (አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን)።

ከኮምቦልቻ፦ "ወንድሜ እህታችን በሰጠችው ኩላሊት ዳነ። አሁን ክኒኑ ሰልችቶት 'በጦጣ ተሞክሮ ክኒን የሚያስቀር መርፌ ወጥቷል፣ ልተወው' ይላል። ምን ልበለው?"

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ግን ዛሬውኑ ንገሪው፦ አንድም ቀን እንዳያቋርጥ። ካቋረጠ ሰውነቱ የእህቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል፤ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማው ነው የሚጎዳው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ያለ ክኒን የሰነበተው ሰጪና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። እህት ብትቀርብም መንትያ አይደለችም። ክኒኑ እጁን የሚያንቀጠቅጠው ወይም ስኳሩን ከፍ የሚያደርግበት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ተለክቶ መጠኑ ይስተካከልለታል። የእህቱ ስጦታ በመሰልቸት ሲጠፋ ማየት አልፈልግም።

ከደሴ፣ አንድ መምህር፦ "መርፌው እንዴት ነው የሚሠራው?"

መምህር፣ የግቢ ውሻ እንግዳ ሲያይ ይጮኻል፤ ጌታው "ያዝ!" ካላለው ግን አይነክስም እንበል። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴልም እንዲሁ ነው፤ ባዕዱን መለየቱ ብቻ አይበቃውም፣ ሁለተኛ ምልክት ይፈልጋል። ያን ምልክት የሚያገኘው ሲዲ 40 ሊጋንድ በተባለ ፕሮቲኑ ሌላ የመከላከያ ሴል ቀስቅሶ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ይህን ፕሮቲን ይሸፍነዋል፤ "ያዝ" የሚል ይጠፋል። የዛሬዎቹ ክኒኖች መከላከያውን በጅምላ ያዳክማሉ፤ ከዋነኞቹ አንዱ ታክሮሊመስ ራሱ ውሎ አድሮ ኩላሊት ይጎዳል። ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ከወልድያ፦ "ጦጣ ላይ ከሠራ ለምን እስካሁን አልደረሰንም?"

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪው አለን ኪርክና ባልደረቦቹ ኩላሊት የተተከለላቸው ሬሰስ ጦጣዎች መርፌው ከቆመ በኋላም ያለ ሌላ መድኃኒት ከ10 ወር በላይ እንደቆዩ አሳወቁ። ትልቅ ደስታ ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ደም መርጋት መጣ፤ ሙከራው ቆመ። ያው ሲዲ 40 ሊጋንድ ደም በሚያረጉት ፕሌትሌቶች (በደም ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሴሎች) ላይም አለ፤ የፀረ እንግዳ አካሉ "ጅራት" (የጫፉ ክፍል) ደግሞ ይቀሰቅሳቸው ነበር። አሁን ጅራቱ ተለውጦ የተሠራ፣ ቴጎፕሩባርት የሚባል አለ። በጦጣዎች አልፎ ሰው ላይ እየተሞከረ ነው። እኔ ተስፋ አለኝ፤ ግን ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህት ያልኩትን አይለውጠውም።

ከሐይቅ፣ አንድ አባት፦ "የአሳማ ኩላሊት ለሰው ተተከለ መባሉ እውነት ነው?"

እውነት ነው አባቴ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቦስተን ውስጥ ጂኖቹ የተስተካከሉ የአሳማ ኩላሊት ለአንድ ሰው ተተከለ፤ ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቴጎፕሩባርት ነበር። ታካሚው ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አረፈ፤ ሆስፒታሉ ሞቱን ከኩላሊቱ ጋር የሚያያይዝ ምልክት እንዳላገኘ ገልጿል። የሃይማኖቱን ነገር ሼሁንና ቄሱን ይጠይቁ፤ ብያኔው የእነሱ ነው። በአገራችን ግን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚተከለው የሰው ኩላሊት ነው።