ምን ተዘለለ? ማንስ ይጠየቃል? ስለ ወረርሽኝ ክትባት የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ኮቪድ-19 ክትባት የሚደርሱን ደብዳቤዎች ዛሬም አልቆሙም። ጸሐፊዎቹ ያለፈውን ያንሡ እንጂ ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው የሚመጣው ወረርሽኝ ነው። ለዚህ እትም ተደጋግመው ከተነሡት መካከል መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሌሎች ክትባቶች ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሲፈጅባቸው የኮቪድ ክትባት ዓመት ሳይሞላው ደረሰ። የሆነ ነገር ሳይዘለል እንዲህ ሊሆን ይችላል? (የሁለት ልጆች አባት)

የሙከራ ደረጃ አልተዘለለም። ያጠረው በደረጃዎቹ መካከል የነበረው ጥበቃ ነው። በደኅናው ጊዜ አምራቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በጥቂት ዐሥር ሰዎች ላይ ይጨርሳል፣ ውጤቱን ያያል፣ ከዚያ ለሁለተኛው ምዕራፍ ገንዘብ ሲያፈላልግ ዓመታት ያልፋሉ። በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ያለው ልዩነት እንዲታይ በቂ ሰው እስኪታመም መጠበቅ የግድ ነው፤ በሽታው ብርቅ ከሆነ ይህ ብቻውን ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን መንግሥታት ውጤቱ ሳይታወቅ ምርቱን አስቀድመው ገዙ፣ ምዕራፎቹ ተደራርበው ተካሄዱ፣ በሽታውም በየደጁ ነበር። የኤም አር ኤን ኤ ዘዴም (ሰውነት ራሱ የቫይረሱን ቁራጭ ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚሰጠው የክትባት አሠራር) ቢሆን በዚያ ዓመት የተፈጠረ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውን ዋና ግኝት ያሳተሙት በ2005 ነበር።

በዚሁ ዘዴ ክትባት የሠሩትን የፋይዘርና የባዮንቴክ ኩባንያዎችን ሙከራ ብንወስድ፣ ወደ 44 ሺህ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ተወጊውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ከተከተቡት 8፣ የጨው ውኃ ከተወጉት 162 ሰዎች በኮቪድ ታመሙ። 95 በመቶ የተባለው ከዚህ የተሰላ ነው። ትርጉሙም የመታመም ዕድል በ95 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ብዙ መገናኛ ብዙኃን «ከ100 ተከታቢዎች 95ቱ አይያዙም» ብለው አወሩት፤ በኋላ የተከተበ ሰው ሲታመም «ዋሹን» የሚል ቅሬታ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ጥርጣሬዎ መሠረት የለሽ አይደለም። የክትትሉ ጊዜ በእርግጥ አጭር ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃዱ ሲሰጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሳታፊዎች ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ክትትል የተደረገላቸው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ሌላው ገደብ የቁጥር ነው። 22 ሺህ ሰው ተከትቦ አንድ ዓይነት ጉዳት ጨርሶ ካልታየ፣ ጉዳቱ የለም ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው «ቢኖር ከ7 ሺህ ሰው አንዱን ከመንካት አይበልጥም» የሚለውን ነው (ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተከተበውን ሰው ብዛት ለ3 ያካፍሉ)። ስለዚህ ከ100 ሺህ ሰው አንዱን የሚነካ ጉዳት በየትኛውም ሙከራ ላይታይ ይችላል። ሮታሺልድ የተባለው የሕፃናት ተቅማጥ ክትባት በአሜሪካ በ1998 ተፈቅዶ በቀጣዩ ዓመት ከገበያ የወጣው፣ ከ10 ሺህ ሕፃናት አንዱን ገደማ ለአንጀት መታጠፍ እንደሚዳርግ ከፈቃዱ በኋላ ስለታወቀ ነው። «ክትባቱ ተመርምሮ አልቋል» የሚል ባለሥልጣን ሲያጋጥምዎ ከፈቃዱ በኋላ ክትትሉን ማን እንደሚያደርግና ሪፖርቱ የት እንደሚወጣ ይጠይቁት። ከአምራቹ ፍጥነት ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን የ84 ዓመት ሰው ነበሩ። በተከተቡ በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ሐኪሙ ወዲያው «ከክትባቱ ጋር አይገናኝም» አሉን። ሳይመረምሩ እንዴት አወቁ? (ሐዘን ላይ ያለች ልጅ)

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሐኪሙ ሳይመረምሩ ሊያውቁ አይችሉም፤ እንዲያ ማለትም አልነበረባቸውም። ሳይመረመር «ክትባቱ ነው የገደላቸው» ማለትም እንዲሁ አይቻልም። ምክንያቱን እንንገርዎ።

ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ሺህ አረጋውያን አሉ እንበል፤ በዓመት ከመቶው ዐሥሩ ይሞታሉ ብለን ብናስብ፣ ማንም ባይከተብ እንኳ በየሳምንቱ 190 ያህል ሰዎች ያርፋሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ቢከተቡ እነዚያ 190 ሞቶች «ከክትባት በኋላ» ይሆናሉ። የባለሙያዎቹ ሥራ ቁጥሩ ከሚጠበቀው በልጧል ወይ ብሎ ማየት፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ሞት ለብቻው መመርመር ነው።

ይህ በሐቀኝነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ኖርዌይ አሳይታለች። በ2021 መጀመሪያ በአረጋውያን መጦሪያዎች ከክትባት በኋላ የተመዘገቡትን የመጀመሪያዎቹን 100 ሞቶች ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን አንድ በአንድ አየ። 59ኙ ከክትባቱ ጋር የመገናኘታቸው ነገር የማይመስል፣ 26ቱ ሊገናኙ የሚችሉ፣ 10ሩ ደግሞ የመገናኘታቸው ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ለ5ቱ በቂ መረጃ አልነበረም። እጅግ ለደከመ ሰው ትኩሳትና ማስታወክ እንኳ ከባድ ሊሆንበት እንደሚችል ታወቀ፤ ስለዚህ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ላለ በሽተኛ ክትባቱ ይጠቅመው እንደሆነ ሐኪሙ ለየብቻ እንዲመዝን ተመከረ።

ከእናንተ ቤት አሁንም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የክትባት ካርዳቸውን አትጣሉ፤ የክትባቱ ስም፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩና ቀኑ እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምልክት በስንት ሰዓቱ እንደታየ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር፣ ከመከተባቸው በፊት በነበረው ሳምንት ጤናቸው እንዴት እንደነበር ሳይረሳ ጻፉት። ከዚያ የተከተቡበትን ጤና ተቋም ከክትባት በኋላ የሚደርስ የጤና ችግር ሪፖርት እንዲሞላ ጠይቁ፤ የሪፖርቱን ቁጥርም ያዙ። ሪፖርት መሙላት ክስ አይደለም፤ ለመሙላትም ማስረጃ አያስፈልግም፣ ጥርጣሬ ይበቃል። የአስከሬን ምርመራ ካልተደረገ ግን መልሱ «በቂ መረጃ የለም» ከሚለው ላያልፍ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አስትራዜኔካ ደም ያረጋል ሲባል ሰምተን ነበር። ለአንዱ ዕድሜ ተከልክሎ ለሌላው መፈቀዱ አልገባኝም። ጎጂ ከሆነ ለሁሉም ጎጂ አይደለም? (የ26 ዓመት ወጣት)

ጉዳቱ እውነት ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2021 እጅግ ብርቅ የጎንዮሽ ጉዳት ብሎ መዝግቦታል። ሰውነት ራሱ በሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ይቀንሳል፣ በዚያው ጊዜ ደም በማይጠበቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በአንጎል ወይም በሆድ ደም መልሶች ውስጥ ይረጋል።

የዕድሜውን ነገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በዚያው ሰሞን ባወጡት ስሌት ማየት ይቻላል። በሽታው ብዙም በማይዛመትበት ወቅት ከ20 እስከ 29 ዓመት ያሉ 100 ሺህ ሰዎች ቢከተቡ፣ በ16 ሳምንት ውስጥ በኮቪድ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከመግባት የሚድኑት 0.8 ሲሆኑ በክትባቱ ክፉኛ የሚጎዱት 1.1 ናቸው። ከ60 እስከ 69 ባለው ዕድሜ የሚድኑት 14.1፣ የሚጎዱት 0.2 ናቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ግን ተገለበጠ። ብሪታንያ በዚያው ቀን ከ30 ዓመት በታች ላሉት፣ በወሩም ከ40 በታች ላሉት ሌላ ክትባት እንዲሰጥ የወሰነችው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው በብዛት ሲዛመት ግን የሚድኑት ቁጥር ስለሚጨምር የወጣቱም ሚዛን ይለወጣል። በእኛ እምነት ያ ስሌት በየክትባት ጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት።

እንዲህ ዓይነት ክትባት የወሰደ ሰው ከ4ኛው ቀን እስከ 4ኛው ሳምንት ድረስ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የደረት ወይም የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ ወይም መርፌው ካረፈበት ቦታ ርቀው የወጡ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ካየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ መከተቡንም አስቀድሞ ይናገር። ይህን መናገር የሚያስፈልገው ለደም መርጋት የተለመደው መድኃኒት ሄፓሪን እዚህ ላይ ጉዳቱን እንዳያባብስ ስለሚፈራ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የፕሌትሌት ቆጠራ ያዝዛል። በተከተቡበት ማግስት የሚመጣ ራስ ምታት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

ጥያቄ፦ «ካልተከተባችሁ ከሥራ ትሰናበታላችሁ» ተባልን። ሰውነቴ የእኔ አይደለም? (የፋብሪካ ሠራተኛ)

የእርስዎ ነው። በመርፌ ላይ የሚሰጥ ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው እምቢ ማለትም ሲቻል ነው። ጥያቄው እምቢታው ምን ያስከፍላል የሚለው ላይ ነው፤ ይህም ክርክር ያረጀ ነው። እንግሊዝ በ1853 የፈንጣጣ ክትባትን ለሕፃናት ግዴታ አደረገች፤ ወላጆች በተደጋጋሚ ተቀጡ፣ በ1885 በሌስተር ከተማ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፣ በ1898 ሕጉ ኅሊናቸው ለማይፈቅድላቸው በር ከፈተ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1905 ግዴታውን አጸደቀ፤ ያጸደቀው ቅጣት ግን 5 ዶላር ነበር።

ግዴታ ተገቢ መሆኑን ለመመዘን የሚጠቅም ጥያቄ፦ ክትባቱ የሚጠብቀው ተከታቢውን ብቻ ነው ወይስ አጠገቡ ያለውንም? መተላለፍን በደንብ የሚያቆም ከሆነ የጎረቤት ደኅንነት ክርክሩን ያጠነክረዋል። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በ2021 መጨረሻ ሲመጣ የኮቪድ ክትባት ከከባድ ሕመም ማዳኑን ቢቀጥልም ከመያዝና ከማስተላለፍ የመከላከል አቅሙ በጣም ወረደ። ከዚያ በኋላ በዚያው ምክንያት የቀጠሉ ግዴታዎች ምክንያታቸው ሳስቶ ነበር፤ ይህን በግልጽ ያልተናገሩ አለቆችም አመኔታ አጥተዋል።

አሠሪዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ትእዛዙ በየትኛው ሕግ ላይ ቆመ? የሚያበቃው መቼ ነው? በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንዴት ይታያል? የሕክምና ምክንያት ያለውስ? በምርመራ፣ በጭምብል ወይም በሥራ ቦታ ለውጥ መተካት ይቻላል? ጉዳት ቢደርስ ካሣውን ማን ይከፍላል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው አስገዳጅ ለማስገደድ አልተዘጋጀም ብለን እናምናለን። መልሶቹን ሲያገኙ ስለ ክትባቱ የሚወስኑትን ስለ አለቃዎ ካለዎት ቁጣ ለይተው ይወስኑ። ትእዛዙ ያልተገባ ሆኖ ክትባቱ ለእርስዎ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የክትባት ነርስ ነኝ። ፈርተው የሚመጡ ሰዎችን «ምንም አይሆኑም» እላቸዋለሁ፤ አያምኑኝም። ምን ልበል? (ነርስ)

እሱን ቃል ይተዉት። በማግስቱ ትኩሳት ሲይዛቸው የእርስዎ ንግግር ሁሉ አብሮ ይወድቃል። መጀመሪያ «በተለይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» ይበሉና እስኪጨርሱ ያድምጡ። ከዚያ የሚጠበቀውን በቁጥር ይንገሩ። ለምሳሌ በፋይዘር ሙከራ ከ55 ዓመት በታች ካሉት ከሁለተኛው መርፌ በኋላ 59 በመቶው ድካም ተሰምቷቸዋል፤ የጨው ውኃ ከተወጉትም 23 በመቶው እንዲሁ። ብርቅ የሆነውንም አይደብቁ፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ባሉት ቀናት እንደሚታይ፣ የደረት ሕመም ካለ መምጣት እንዳለባቸው ይንገሯቸው። መደበቅ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት፣ በፊሊፒንስ ከ800 ሺህ በላይ ሕፃናት የዴንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው የትኩሳት በሽታ) ክትባት ከወሰዱ በኋላ አምራቹ በ2017 ክትባቱ ቀድሞ በዴንጊ ያልተያዙት በኋላ ሲያዙ በሽታውን ሊያባብስባቸው እንደሚችል ሲያስታውቅ፣ ክትባት አስፈላጊ መሆኑን አጥብቀው የሚያምኑት ሰዎች በ2015 ከነበሩበት 93 በመቶ በ2018 ወደ 32 በመቶ ወረዱ። ያ አለመተማመን ከዴንጊ አልፎ የኩፍኝ ክትባትንም ነካ።

ብልቃጡን ለማየት የሚጠይቅ ሰው አይቆጡ፤ ያሳዩት። ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። የመጀመሪያው የፋይዘር ብልቃጥ፣ ሐምራዊ ክዳን ያለው፣ በ1.8 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ይበረዝ ነበር፤ ሳይነቀነቅ ቀስ ብሎ 10 ጊዜ ይገለባበጥ ነበር፤ ለአንድ ሰው 0.3 ሚሊ ሊትር ይቀዳ ነበር፤ ከተበረዘ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣል ነበር። ሳይበረዝ ከተሰጠ ሰውየው አምስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነበር፤ በዲሴምበር 2020 በጀርመን 8 የአረጋውያን ተንከባካቢዎች እንዲህ ደርሶባቸዋል። በኋላ የመጣው ግራጫ ክዳን ያለው ደግሞ አይበረዝም። የበረዙበትን ሰዓት ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

ከተወጉ በኋላ ሁሉም 15 ደቂቃ፣ ከባድ አለርጂ ኖሮባቸው የሚያውቁ 30 ደቂቃ ይቀመጡ። ገርጥቶ፣ አልቦት፣ የልብ ምቱ ቀንሶ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ደንግጦ ነው፤ አስተኝተው እግሩን ከፍ ሲያደርጉለት ይነቃል። ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለና ምቱ ከፈጠነ ግን አይጠብቁ፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ከጭኑ መካከል በውጭ በኩል ጡንቻው ውስጥ ይውጉ፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይድገሙ። አድሬናሊኑ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ የዛሬውን ክትባት ከመጀመርዎ በፊት ቁልፉን ያስመጡ።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱ እንዳይመጣብኝ ቀድሜ ፓራሲታሞል ልውሰድ? (አጭር ጥያቄ)

ቀድመው አይውሰዱ፤ ከተከተቡ በኋላ ትኩሳት ወይም ሕመም ከመጣ መውሰድ ይችላሉ። ለሌላ በሽታ በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን ለክትባት ብለው አያቋርጡ።