በረኪና እየጨመርኩ ጀሪካኑ ለምን ያሟልጫል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ወተትና እርጎ እሸጣለሁ። ወተቱን የምቀበለው በቢጫ ጀሪካን ነው። ማታ ማታ በኦሞ አጥበዋለሁ፣ በረኪናም አልቆጥብም። ግን ጣቴን በአንገቱ ሳስገባ ውስጡ ያሟልጫል፣ ወተቱም ሳፈላው ይበጣጠስብኛል። በረኪናው ፎርጅድ ይሆን እንዴ?
ወተት ሻጯ

መልስ፦ እህቴ፣ በረኪናውን ቶሎ አትጠርጥሪ። ያ የሚያሟልጨው ነገር ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች ግድግዳው ላይ ይለጠፉና ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከመሳሰሉት የተሠራ አጣባቂ ልባስ ያመነጫሉ፣ ከዚያ እሱ ውስጥ ተደብቀው እየተባዙ አዲስ ወተት በተቀዳ ቁጥር እየተላቀቁ ይገቡበታል። ለመለጠፍ ሰዓታት ይበቃቸዋል። ቀናት ካገኙ ደግሞ ልባሱ ይወፍራል።

በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ፊት ለፊት ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጠቃው። የወተት ቅሪት ካገኘ እሱን፣ ልባሱን ካገኘ እሱን። ሥር ያሉት ጋ ሳይደርስ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ሳይፈተግ በረኪና መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ወተቱ እንዳለቀ፣ እስከ ማታ ሳታቆዪው፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂው። የፈላ ውሃ ከጅምሩ ከደፋሽበት የወተቱን ፕሮቲን አብስሎ ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ እና ረጅም ብሩሽ። አንገቱን፣ የእጀታውን ውስጥ፣ የክዳኑን ጥርስ ሁሉ ፈትጊ። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ሌላው ማሟያ ነው። ኦሞው ታጥቦ ከወጣ በኋላ በረኪናው ይምጣ፤ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ ድፊው፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቂና ገልብጠሽ አድርቂው። በጅማ ክረምት ማድረቅ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እርጥቡን ከድኖ ማሳደር ልፋትሽን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ደግሞ ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ጠጠርና አሸዋ ጨምሮ መናጥ የለመድሽ ከሆነ ተዪው። ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ብሩሽ አይደርስም። የተቧጨረውን ጀሪካን ለውሃም ቢሆን አልመክርም። አቅም ከፈቀደ አፉ ሰፊ የሆነ፣ እጅ የሚያስገባ የማይዝግ ብረት ዕቃ ግዢ።

ጥያቄ፦ ወተት ከፈላ ሁሉም ይሞት የለ? ምን ያስጨንቃል?

መልስ፦ ብዙው ይሞታል፣ ማፍላትህንም አትተው። ግን ስታፊሎኮከስ አውሬስ የተባለው ባክቴሪያ ቀድሞ መርዙን ከረጨ መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ባሲለስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎችም ፈልተው የሚተርፉ አሉ። ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ ካልክ ደግሞ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በ4 ዲግሪም ቀስ እያለ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖሎኒ በሚባል የተቀነባበረ ሥጋ ምክንያት ከ200 በላይ ሰው የገደለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ ሲባል ሰማሁ። ማጋነን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ትንሽ ትንሽ ምልክት ወደ ውጭ ይለቃል፤ ጥቂት ሲሆኑ ምልክቱ ይበተናል፣ ሲበዙ ይከማቻል፣ ያኔ በአንድ ላይ ጠባያቸውን ይቀይራሉ። እድር ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ውሳኔ እንደማያሳልፈው ማለት ነው። ነገሩ በደንብ የታየው የባሕር ባክቴሪያ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ኔልሰን እና ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ1970 ቪብሪዮ ፊሸሪ የተባለው ባክቴሪያ ብርሃን የሚሰጠው ሲበዛ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ይህ ንግግር የሚጠራበት ኮረም ሴንሲንግ የሚለው ስም ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የመጣው።

ከምግብ ጋር ምን አገናኘው? ልባሱን መሥራትም ሆነ ምግብ የሚያበላሹ ኢንዛይሞችን መልቀቅ በብዙ ባክቴሪያዎች ዘንድ በዚሁ ምልክት ይመራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከመግደል ይልቅ ንግግሩን ማቋረጥ እየሞከሩ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ያለ አንድ ቀይ የባሕር አልጌ ምልክቱን የሚያውክ ኬሚካል ያመርታል፣ ባክቴሪያም እንደልቡ አይለጠፍበትም። ለመመረቂያ ጽሑፍህ አሪፍ ርዕስ ነው፣ ለወተት ሻጯ ግን ለጊዜው ብሩሹ ይሻላታል።

ጥያቄ፦ እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ታጥናለች። ጥቅም አለው ወይስ ለሽታ ብቻ ነው?

መልስ፦ አለው። ጭሱ ውስጥ ባክቴሪያ የሚያዳክሙ ፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ዕቃውንም ያደርቀዋል። መጀመሪያ ግን ይታጠብ፣ ቆሻሻ ላይ ቢታጠን ዋጋ የለውም። ለቅል ወይም ለሸክላ ነው እንጂ ፕላስቲክ ጀሪካን እንዳታጥኑ፣ ይቀልጣል።