ሼላክ፦ ጥፍር ላይ፣ ረከቦት ላይ፣ ከረሜላ ላይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። በቅርቡ ለሰርግ ብዬ ጥፍሬን «ሼላክ» ተሠራሁ። ወንድሜ አናጺ ነው፤ ሳቀብኝና «ሼላክ እኮ ጎማላካ ነው፣ ረከቦትሽን የቀባሁበት» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከረሜላ ላይም ስላለ፣ ከነፍሳት ስለሚገኝም በጾም እንዳትበዪ ትለኛለች። ማን ነው ልክ? ረከቦቴ ላይ የወጣው ነጭ ክብ ምልክትስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድምሽም ጓደኛሽም ልክ ናቸው። ሼላክ የሌለበት ጥፍርሽ ላይ ነው! «ሼላክ» አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ላወጣው የጥፍር ጄል የሰጠው የንግድ ስም ነው። ሰው ማንኛውንም የልብስ ሳሙና ዱቄት «ኦሞ» እንደሚለው፣ ጥፍር ቤቶችም በመብራት የሚደርቀውን ጄል ሁሉ ሼላክ አሉት። ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ነገር ነው፤ የዛፍም የነፍሳትም ዘር የለበትም።

እውነተኛው ከህንድና ከታይላንድ ይመጣል። እዚያ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ የእኛው ቁርቁራ ዘመድ ነው። ሴቶቹ ሙጫ ያመነጩና ቅርንጫፉን እንዳለ ያለብሱታል። ሰው ያንን ይፍቃል፣ ይሰብራል፣ ያጥባል። በእጥበቱ ቀይ ቀለም ይወጣል፤ እሱም ድሮ ለጨርቅ ማቅለሚያ ይፈለግ ነበር። ከዚያ በረጅም የጨርቅ ከረጢት አድርገው እሳት አጠገብ እየጠመዘዙ ያቀልጡታል። የወጣውን በሙቀቱ እንዳለ ስስ አድርገው ይወጥሩታል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰባብሩታል።

ስሙም ከዚሁ ነው። «ላክ» በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «መቶ ሺህ» ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ የነፍሳቱን ብዛት ለማለት ነው ይባላል። «ሼል» ደግሞ ያ ስስ ቅርፊት ነው። የአናጺዎቻችን «ጎማላካ» የጣሊያን ቃል ነው፤ ጎማው የመኪና ሳይሆን ሙጫ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሸክላ የምንለው የዘፈን ዲስክም ድሮ የሚሠራው ከሼላክና ከድንጋይ ዱቄት ነበር። ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄደው ሲቀረጹ የነበረው ዲስክ ይኸው ነው። ቢወድቅ ይሰባበራል። ፕላስቲኩ የመጣው ከ1948 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ከረሜላው ላይ የሚያብለጨልጨውም ሼላክ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ኢ 904» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ የመድኃኒት ክኒንም ይለበስበታል። የነፍሳቱ ሥጋ ሳይሆን ያመነጩት ሙጫ ነው። እኔ እንጨት ሥራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የጾሙን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ወደ ረከቦትሽ ልምጣ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው። ሼላክ ዋንዛ ላይ የሚሰጠውን ሙቅ ቀለም ቫርኒሽ አይሰጥም ባይ ነኝ። ግን የጅማ ሰው ከቡና አይለይ፣ ሼላክ ደግሞ ሙቀትና ውኃ አይችልም! ነጩ ክብ የትኩስ ሲኒ ወይም የፈሰሰ ውኃ ምልክት ነው። ለወንድምሽ እንዲህ በይው፦ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ጥቂት አልኮል በጥጥ ያስነካ። ቅቡ ከለሰለሰና ከተጣበቀ በእርግጥ ሼላክ ነው። እንግዲያው መፋቅ አያስፈልግም፤ አልኮል በትንሹ የነካው ጨርቅ ምልክቱ ላይ ፈጠን አድርጎ ያሳልፍበት። ካልለቀቀ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሽቶ እንደገና ይቀባ። አዲሱ ቅብ ከአሮጌው ጋር ይዋሃዳል፤ ቫርኒሽ ይህን አያደርግም።

ለአንድ ሊትር አልኮል 240 ግራም አካባቢ ቅርፊት ይበቃል። በብርጭቆ ዕቃ ይዘፍዝፈው፤ የብረት ጣሳ ያጠቁረዋል። የበጠበጠበትን ቀን ይጻፍበት፤ ከስድስት ወር በላይ የቆየ በደንብ ላይደርቅ ይችላል። አንቺ ደግሞ ሲኒ የምትደረድሪበት ላይ ትሪ አድርጊበት።