ሲጋራውን ስተወው ልቤ መሮጥ ጀመረ

ለዛሬ ሦስት ደብዳቤ መረጥኩ። ሦስቱም ሱስ ስለማቆም ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሴም እንደዚያው። 26 ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ 14ቱን በቀን አንድ ፓኮ እያጨስኩ ነበር። ስለዚህ የማወራውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከገዛ ደረቴ ነው ያገኘሁት።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሰባት ዓመት ቅሜአለሁ፣ አጭሻለሁ። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ሦስት ቢራ እላለሁ። ሚስቴ ስትወልድ ሲጋራውንም ጫቱንም በአንድ ቀን ተውኩ። ዛሬ 19 ቀኔ ነው። ቢራውን አልተውኩም፣ ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀን ቀን ድብርቱ ስለሚጫነኝ ቡና አብዝቻለሁ። ድሮ ሦስት ሲኒ ነበር፣ አሁን ሰባት እደርሳለሁ። በ9ኛው ቀን ሳር ቤት መብራት ይዞኝ እንደቆምኩ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬን ወረረኝ፣ አየር አጠረኝ። ሞትኩ ብዬ መኪናውን ከነተሳፋሪው መሃል መንገድ ላይ ትቼ ወረድኩ። ረዳቴ ክሊኒክ ወሰደኝ። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ። ‹ምንም የለህም› ብለው ሸኙኝ። ምንም ከሌለኝ ታዲያ ይሄ ምንድነው? ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ መጥቶብኛል። አሁን መኪናውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ፀበል ትላለች። ጓደኛዬ ቫሊየም የሚባል ማረጋጊያ ኪኒን ሰጥቶኛል፣ ግማሽ ግማሽ እወስዳለሁ። ሳጨስ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ተመልሼ ላጭስ እንዴ? — ሹፌሩ፣ ከጀሞ»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት።

አትመለስ። አጭሩ መልስ ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ ልብህን ነው ያየው። ሰባቱን ሲኒ የቆጠረ የለም። አንተም እግረ መንገድህን ነው የነገርከኝ።

የሲጋራ ጭስ ጉበትን ያፈጥነዋል። ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ስለዚህ አጫሽ የጠጣውን ቡና ጉበቱ ቶሎ ቶሎ ያስወግድለታል። ማታ በረካ ጠጥቶ ወዲያው የሚያንኮራፋ አጫሽ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ሲጋራው በቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ጉበት ወደ ራሱ ፍጥነት ይመለሳል። ሲኒው ያው ነው፣ ቡናው ያው ነው፣ ደም ውስጥ የሚቆየው ካፌን፣ ማለትም የቡናው አነቃቂ፣ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንተ ደግሞ ከሦስት ወደ ሰባት ወጣህ። በድሮው በአጫሹ ሰውነትህ ስናሰላው 14 ሲኒ ገደማ መጣ ማለት ነው። 14 ሲኒ ጠጥቶ ልቡ የማይደልቅ ካለ እሱን አምጡልኝ።

እኔም በዚሁ ተይዣለሁ። ያቆምኩት በ1997 ሁዳዴ ሲገባ ነው፤ እንደ ብዙ ሰው ለጾሙ ብዬ። በ7ኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ጎረቤት ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ። ሦስተኛው ተቀድቶ ሲሰጠኝ ሲኒውና ማስቀመጫው ይንቀጫቀጩ ጀመር። የሆነ ልጅ ጠረጴዛውን የሚነቀንቅ መሰለኝ። የኔው እጅ ነበር። ከዚያ ዕጣኑ አፈነኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ምላሴ ደረቀ። በረንዳ ወጥቼ የእጄን የደም ሥር ይዤ ቆጠርኩ፤ 118። ያኔ ለስንቱ በሽተኛ «ይሄ አይገድልም፣ ያልፋል» ብያለሁ መሰለህ! ለራሴ ስለው ግን አላመንኩትም። ሴትዮዋ ከውስጥ «በረካውን ጥለህ የት ትሄዳለህ?» እያሉ ሲጣሩ እኔ ኑዛዜዬን እያሰብኩ ነበር።

ስለዚህ ቡናውን ቀንስ። በአንድ ቀን ግን አታቁመው፤ ራስ ምታቱ ሌላ በሽታ መስሎ ያስደነግጥሃል። በየሁለት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነስክ ወደ ሁለት አውርደው። ሁለቱንም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጨርሳቸው። ሻይና ኮካም ካፌን አላቸው፣ በእነሱ አትተካው። ተራ ስትጠብቅ እጅህና አፍህ ሥራ ካጡ ቆሎ ያዝ። የሹፌር ጋቢና በገብስ ቅርፊት ቢቆሽሽ ከሲጋራ አመድ ይሻላል።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። የያዘህ ነገር ፓኒክ አታክ ይባላል። «ምንም የለህም» የሚለውን አነጋገር እኔ አልወደውም። ልብህ ደህና ነው ማለትና ምንም የለህም ማለት ለየቅል ናቸው። ሰውነትህ አንበሳ ያየ ያህል አድሬናሊን ለቋል፤ አንበሳው ግን የለም። ያኔ ሳታውቀው ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለህ። አየር ያጠረህ ይመስልሃል እንጂ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ አብዝተህ በመተንፈስህ ደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። እጅህን ያደነዘዘው፣ ከንፈርህን የወረረህ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። ከሳር ቤት ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሚፈጀው ያንሳል።

ሲመጣብህ ፍሬቻ አብራና ዳር ያዝ። ሞተሩን አጥፋ። ከመኪናው አትውረድ፣ አትሩጥ። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ በአፍህ እስከ ስድስት እየቆጠርክ አስወጣ። ማስወጣቱ ይርዘም፤ ዋናው እሱ ነው። ፌስታል ወይም ወረቀት አፍህ ላይ አትድፋ፣ ያ የፊልም ነው። ዓይንህን የሚያልፉት መኪኖች ሰሌዳ ላይ አድርግና ቁጥሩን ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። ረዳትህ ይሳቅብህ። «ና፣ እስቲ የት እንደምትደርስ አያለሁ» በለው ፍርሃቱን። ስትታገለው ነው የሚረዝመው።

«ሳጨስ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ላልከው፣ ትሆን ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ በትንሽ በትንሹ። ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ከደም ይወጣል፣ ከዚያ ትቅበጠበጣለህ፣ ትለኩሳለህ፣ ትረጋጋለህ። ሲጋራው የሚያረጋጋህ ራሱ ካመጣብህ ሀራራ ነው። የኒኮቲን ሀራራ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። አንተ 19ኛው ላይ ነህ፣ ከባዱን አልፈኸዋል። ያቆሙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸው ከሚያጨሱበት ጊዜ እንኳ ያነሰ ሆኖ ነው የሚገኘው። ድብርቱና መጫጫኑ ደግሞ የጫቱ ነው። ጫት አነቃቂ ነው፤ ሲቀር ሰውነት ይወድቃል። እሱን በቡና ለማንሳት ስትሞክር ነው ሳር ቤት የተያዝከው።

ቢራውን በተመለከተ አልሸነግልህም። ያስተኛሃል፣ እውነት ነው። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብህ እየመታ ላብ በላብ ሆነህ ትነቃለህ። ይሄ እየደረሰብህ እንደሆነ ሳትነግረኝ አውቃለሁ። በዚያ ላይ ቢራው ያለው ሲጋራው ባለበት ነው። በአዋጅ 1112/2011 መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ አንተ የምትቀመጥበት ግሮሰሪ ይህን ሰምቶ እንደሆነ እንጃ። በየሦስት ቀኑ አንድ ጠርሙስ እየቀነስክ ጨርሰው። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን በራስህ አትቀንስ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቫሊየሙን ለጓደኛህ መልስለት። ከቢራ ጋር ትንፋሽ ያፍናል፣ መሪ ላይ ያስተኛል፣ ከሰነበተም እሱ ራሱ ማቆሚያ የሚፈልግ ሱስ ይሆናል። አዘውትረህ ስትወስደው ሳምንታት ካለፉህ በድንገት አትጣለው፣ ሐኪም አስቀንስበት። የእናትህን ፀበል አልከለክልህም። ጠዋት ተጠመቅ፣ ከሰዓት ሐኪም ጋ ሂድ። ሁለቱን አጣልቶ ያተረፈ ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

የሚያሳስበኝ ቤት መቀመጥህ ነው። መኪናውን ለጓደኛህ በሰጠህ ቁጥር ፍርሃቱ «ልክ ነበርኩ» ይላል። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል፣ ባዶ መኪና ይዘህ፣ ረዳትህን ከጎንህ አስቀምጠህ ሳር ቤት ድረስ ደርሰህ ተመለስ። በማግስቱ እንደገና። ከዚያ በባዶው ሜክሲኮ ድረስ። ተሳፋሪ የምትጭነው ሳር ቤት አሰልቺ ሲሆንብህ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄድ የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዙልህ ጠይቅ። እንቅርት ሳይታይ ይህ የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሊበዛና ልክ እንደዚህ ሊያደርግ ይችላል። ስትሮጥ ወይም ዕቃ ስትጭን ደረትህን የሚጨመድድህ፣ ወደ ግራ እጅህ ወይም ወደ መንጋጋህ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን ትንፋሽ አትቁጠር፣ ቀጥ ብለህ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ከወር በኋላም ካልለቀቀህ የአእምሮ ሐኪም ይይህ። አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ሰውን ያስፈራል፤ «እብድ ቤት» እየተባለ ነው ያደግነው። ተራ ይዘው ከሚቀመጡት ውስጥ ግን እንደ አንተ ሥራ ያላቸው፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ልጅ ያዘሉ ብዙ ናቸው።

«ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ነው። ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ዓምና መጠጡን ባቆመ በሁለተኛው ቀን ወድቆ ምላሱን ነከሰ፤ በማግስቱ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየኛል እያለ ሲደበድብ አደረ። ቤተሰቡ አሁን ለአንድ ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት ይልቀቀው ብሏል። ምን ትላለህ? — እህት፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣ ቁልፉን ከእጃቸው ቀሚ።

ለሹፌሩ ያልኩት ሁሉ ለወንድምሽ አይሠራም። ሲጋራና ጫት ማቆም ያሠቃያል እንጂ በራሱ አይገድልም። ለዓመታት ከጠዋት ጀምሮ የጠጣ ሰው አልኮልን በድንገት ሲያቆም ግን ሊሞት ይችላል። መንቀጥቀጡ መጠጡን ካቆመ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ መሰሉ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ነው። ጉንዳኑ፣ ቅዠቱ፣ ትኩሳቱ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይመጣል። ዓምና ያያችሁት ልክ እሱን ነው። ርኩስ መንፈስም አይደለም፣ ዕብደትም አይደለም። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው በሚቀጥለው ሊብስበት ይችላል።

ሆስፒታል ተኝቶ ነው የሚያቆመው። እዚያ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት እየቀነሱ ይሰጡታል፣ ቪታሚን ቢ1 ይወጉታል። እስክትወስዱት ድረስ አረቄውን ከእጁ አትንጠቁ። ይሄን ስጽፍ ጎረቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን አትንጠቁ። መንገድ ላይ ከወደቀ ወደ ጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አድርጉለት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም ይቅር፤ ስንት የተቃጠለ አፍንጫ አክሜአለሁ። ፀበሉ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት በባዶ ሆድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳታስገቡት።

«ጫት ካቆምኩ 6ኛ ሌሊቴ ነው። ልክ እንቅልፍ ሲወስደኝ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል። መጮህ እፈልጋለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ዱካክ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? — ከሐረር»

እውነት ነው። አብረውህ የሚቅሙትን ብትጠይቃቸው ለአንድ ቀን ሲያቋርጡ እንኳ የሚመጣባቸው አሉ። ጫቱ እንቅልፍህን ሲሸራርፈው ኖሮ አሁን ያጎደለው ሕልም በአንድ ጊዜ እየመጣብህ ነው። አንጎልህ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነትህ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ለዚህ ነው እጅና እግርህ የማይታዘዙህ። በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፣ ብዙ ጊዜም በሰኮንዶች።

በጀርባህ አትተኛ። በጎንህ ሁን። ሲይዝህ ሙሉ ሰውነትህን ለማንሳት አትታገል፤ የእግርህን አንድ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር። ጣቷ ስትንቀሳቀስ የቀረው ይከተላል። ተነስተህ ፊትህን ታጠብ፣ መብራቱን አብርተህ ትንሽ ቆይ። ጠዋት ላይ «ትንሽ ገራባ ልቅመስና ይልቀቀኝ» ብለህ እንዳትሳሳት። ያን ቀን ይለቅሃል፤ በማግስቱ ግን ስድስቱን ሌሊት ከአንድ ትጀምራለህ።