ካርታው በአማቹ ስም ሲሆን

ጥያቄ፦ በሰፈራችን አንድ ሹም በደመወዙ የማይታሰብ ጂ ፕላስ 2 ቤት አሠርቷል። ካርታው በሚስቱ ወንድም ስም ነው፤ የመንገድ ሥራውን ጨረታ ያሸነፈውም ይኸው አማቹ ነው። እኛ ነዋሪዎች ሀብቱን መጠየቅ እንችላለን? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ትችላላችሁ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚና ተመራጭ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት እንዲያስመዘግብ፣ በየ2 ዓመቱም እንዲያድስ ያስገድዳል። የሹሙ ምዝገባ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ነገር ግን አዋጁ ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን ነው። አማች የለበትም። ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ የምዝገባ ቅጹን ብቻ ካያችሁ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጨረታውን ካወጣው መሥሪያ ቤት የጨረታውን ሰነድም ጠይቁ፦ የተወዳዳሪዎቹን ስም፣ ያቀረቡትን ዋጋ፣ የገምጋሚ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ። ገንዘቡና ሥልጣኑ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን። «ስለ ጨረታው መረጃ ይሰጠን» ብቻ ካላችሁ ይመለስባችኋል፤ የሥራውን ስምና ዓመቱን ጥቀሱ። «ሰርቋል» የሚል ቃል አታስገቡበት፤ ክሱ ሌላ፣ መረጃ መጠየቁ ሌላ ነው። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቀሪው ላይ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉ። የመረጃ ነፃነትን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ያለ ቀሪው ግን መቼ እንዳመለከታችሁ ማስረዳት ይቸግራችኋል። ከከለከሏችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።