ጥያቄና መልስ፦ ከ2 ወደ 3 የተቀየረችው ቁጥር

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በአዶቢ ኤር (የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ) የሠራሁት አንድ የቆየ የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም አለኝ፤ የተሠራው በኤር 1.5.2 ስሪት ነው፣ ደንበኞቼ እስካሁን ይጠቀሙበታል። ሰሞኑን ላድሰው ብዬ በ1.5.3 አሸግኩት፣ የምፈርምበትን ዲጂታል ሰርተፊኬትም በአዲስ ቀየርኩ። ግን ኤር እንደ አፕዴት ሊቀበለው አልቻለም፤ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎችም ለአዲሱ አይታዩትም። አንዲት ቁጥር ይህን ሁሉ ታደርጋለች?

መልስ፦ ታደርጋለች ወንድሜ፣ ያውም በደንብ። 1.5.3 እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሲወጣ ብዙ ሰው "ቀዳዳ ደፍነው ነው" ብሎ አለፈው። ለአንተ ዓይነቱ ሰው ግን ዋናው ለውጥ ያለው የአሳታሚ መለያው (ፕሮግራሙን ማን እንዳወጣው ለኤር የሚነግረው ምልክት) ላይ ነው። ከዚያ በፊት ኤር ይህን መለያ ራሱ ከፈረምክበት ሰርተፊኬት ያወጣው ነበር፤ ከ1.5.3 ጀምሮ ግን ተወው። ስለዚህ አሮጌው ፕሮግራምህ መለያ አለው፣ አዲሱ የለውም፣ ለኤር ደግሞ ሁለቱ ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

የይለፍ ቃሎቹ አልጠፉም፣ አትደንግጥ። የተመሰጠረው ማከማቻ ከአፕሊኬሽኑ መለያና ከአሳታሚው መለያ ጋር የታሰረ ስለሆነ ነው ለአዲሱ ያልተከፈተለት።

መፍትሔው ይኸው። አሮጌው የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ግባና ሜታ-ኢንፍ የሚለውን፣ ከዚያ ኤር የሚለውን ክፈት። ፐብሊሸርአይዲ የሚባል ፋይል ታገኛለህ። በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ስትከፍተው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነ ረጅም ነገር፣ መጨረሻው ላይ ነጥብና 1 ያለበት፣ ይታይሃል። እሱን እንዳለ ገልብጠህ የአፕሊኬሽኑ መግለጫ ፋይል ውስጥ ፐብሊሸርአይዲ በሚለው ታግ ውስጥ አስቀምጠው። አናቱ ላይ ያለው ኔምስፔስ (የኤርን ስሪት የሚጠቁመው አድራሻ) 1.5.3 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን እይ።

ግን በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ሰርተፊኬቱን ቀይረሃላ! ፓኬጁን በአዲሱ ፈርመህ ስታበቃ ኤዲቲ በተባለው የኤር ማሸጊያ መሣሪያ የማይግሬት ትእዛዝ በአሮጌውም ደግመህ ትፈርማለህ። አሮጌው ጊዜው አልፎበት ከሆነ በ1.5.3 ያለህ እፎይታ 180 ቀን ነው፣ ከ2.6 ወዲህ 365 ቀን ሆኗል። እሱም ካለፈ ወይም የሰርተፊኬቱ ፋይል የት እንደገባ ካልታወቀ (ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው) ደንበኛው አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን እንደ አዲስ ከመጫን በቀር አማራጭ የለውም። ያኔ ከማጥፋቱ በፊት መረጃውን አውጣለት።

ጥያቄ፦ ኤር የሚሠራበት ፍላሽ ሞቷል አይደል? ታዲያ ድረ ገጽ ስከፍት "ኤርን አፕዴት አድርጉ" የሚል መስኮት ለምን ይመጣብኛል? ልጫነው?

መልስ፦ እንዳትጫኚው! ዝጊው። አዶቢ ፍላሽ ፕሌየርን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ መጨረሻ 2020 ላይ ተወው። ኤር ግን አልሞተም፤ 2019 ላይ የሳምሰንግ ንብረት ወደሆነው ሃርማን ተላልፎ እስካሁን እዚያ ይሠራል። አፕዴት ከፈለግሽ ራስሽ የሃርማን ገጽ ላይ ሄደሽ አውርጂ። መሃል መንገድ ላይ ብቅ የሚል መስኮት በአብዛኛው ማጭበርበሪያ ነው።

እውነተኛውን ግን ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። ኮምፒውተርሽ ላይ የተጫነውን አንዱን ኤር ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ ስለሚጠቀሙበት አንዴ ስታድሺው በእሱ ላይ የሚሄዱት ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው ይጠገናሉ። ከ3.0 (2011) ወዲህ የራሳቸውን ኤር በሆዳቸው ይዘው የሚመጡ ፕሮግራሞች ግን በዚህ አይነኩም፣ እነሱን የሚያድሰው የሠራቸው ሰው ነው።