አንድ ቁራጭ ኬክ በምሳ ዋጋ

ጥያቄ፦ ከሥራ ስወጣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን መንገድ ላይ አገኘኋትና «ነይ ማኪያቶ ልጋብዝሽ» ብዬ ቅርንጫፉ በየሰፈሩ ያለ አንድ ካፌ ይዣት ገባሁ። እሷ ቺዝ ኬክ አዘዘች፣ እኔ ብላክ ፎረስት። ሜኑው ላይ አንዱ 300 ብር ነው የሚለው። ሂሳቡ ሲመጣ ለሁለቱ ኬክ ብቻ 759 ብር! ማኪያቶው ሳይቆጠር። በዚህ ብር እኮ ሁለት ሰው ምሳ ይበላል። ዘረፋ ነው ወይስ እኔ ነኝ ከዘመኑ ወደኋላ የቀረሁት? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሂሳቡን እንጨርስ። በመደመር በኩል ማንም አላጭበረበረሽም። 300 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 330 ይሆናል። 15 በመቶው ቫት ደግሞ የሚሰላው በ330 ላይ ነው። 379 ብር ከ50 ሳንቲም መጣ። ለሁለት ሲሆን ያው 759 ነው። ጉዱ ያለው ሜኑው ግርጌ ላይ ነው፤ «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም» የምትል፣ ለማንበብ መነጽር የምታስፈልግ መስመር አለች። እሷን ካየሽ ዋጋው ላይ ከሩቡ ትንሽ የሚበልጥ ነገር በሐሳብሽ ደምረሽ እዘዢ።

ቀጥሎ፣ ኬኩ ራሱ ለምን 300 ገባ? ክሬም ቺዙ፣ ኮኮዋው፣ ቸኮሌቱ በአብዛኛው በዶላር የሚገባ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄዷል። እንቁላሉና ዱቄቱስ ትዪኝ ይሆናል። እነሱም አልቀሩም፣ አስቤዛ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ግን ሁሉን ነገር በዶላር ማሳበብ ደስ አይለኝም። ያ መስታወት ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሮ የምታዪው ኬክ ሁሉ አይሸጥም። ክሬም ያለበት ኬክ ደግሞ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፣ መብራት ከጠፋማ እሱም የለም። ስለዚህ የተጣለው ኬክ ዋጋ የተሸጠው ላይ ይጫናል። አንቺ የበላሽው አንድ ቁራጭ ነው፤ የከፈልሽው ግን የራስሽንና ማንም ሳያነሳው ያደረውን ነው።

ዋናው ግን ወንበሩ ይመስለኛል። ማኪያቶ ብዙ መወደድ አይችልም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ዋጋውን ያውቀዋል፤ ጎረቤት ካለው ካፌ ትንሽ ከፍ ካለ ወሬው ይዳረሳል። እና ሰዉ አንድ ማኪያቶ ይዞ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ፣ ዋይፋዩን እየተጠቀመ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ያንን የቤት ኪራይ አንድ ሰው መክፈል አለበት። የሚከፍለው ቺዝ ኬክ ያዘዘው ነው። የቺዝ ኬክ ዋጋ ስንት መሆን እንዳለበት ማን ያውቃል? ማንም። ለዚህ ነው እንደልብ የሚወጣው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቀየሚኝ። ጋባዥ እንግዳዋ ፊት ዋጋ አትጠይቅም። ይሉኝታ አለ። ካፌዎቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አስተናጋጁ ኬኮቹን በትሪ ይዞ መጥቶ «የቱን ላድርግላችሁ?» ሲል ዋጋ የሚባል ነገር በጠረጴዛው ዙሪያ የለም። ልብ በይ፣ ስለ ሸማቾች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል፤ ሸማቹም ጥራት ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይናገራል። ስለዚህ «ይሄ ሁሉ ነገር ተደምሮ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ «በቃ ማኪያቶ ብቻ» ማለት ነውርም ወንጀልም አይደለም። አንድ ኬክ በሁለት ሹካ ማዘዝም ይቻላል። ኬኩ ካማረሽ ደግሞ አስጠቅልለሽ ውሰጂ፤ ብዙ ቤት ይዞ ለሚሄድ ሰው ሰርቪስ ቻርጅ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ አራት አምስት ሰው ካለ ቶርታውን ከኬክ ቤት በኪሎ ግዢ፣ ቁራጩ በጣም ይረክስልሻል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አሜሪካ ነኝ። ልጄ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ የቡና ሰንሰለት፣ ቅርንጫፉ በየቦታው ያለ ካፌ፣ ገብተን ኬክ ካልተገዛልኝ ትለኛለች። ቁራጩ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ፣ ሲሞቅ ደግሞ የማይክሮዌቭ ጣዕም አለው። ከዚያ ታብሌቷን ወደኔ አዙረው ቲፕ ምረጪ ይሉኛል። መስጠት አለብኝ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የለብሽም። ቆመሽ አዘሽ፣ ራስሽ ተቀብለሽ ለምትሄጂው ነገር ቲፕ በፈቃድ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ከሆኑና ደስ ካለሽ ስጪ፣ ካልሆነ «ኖ ቲፕ» የምትለውን ነክተሽ ውጪ፤ የሚያይሽ ሰው ቢኖር ነገ ይረሳዋል።

ጣዕሙን በተመለከተ አልተሳሳትሽም። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ኬኩን እዚያ ቤት አይጋግሩትም። ከሌላ ጋጋሪ በረዶ ሆኖ ይመጣል፣ ይቀልጣል፣ ይሞቃል፣ ይሸጣል። ስታርባክስ ይህን ለማሻሻል ብሎ በ2012 እ.ኤ.አ. ላ ቡላንዥ የሚባለውን የሳን ፍራንሲስኮ ዳቦ ቤት በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የዳቦ ቤቱን ሱቆች ዘጋቸው። እንግዲህ ያን ያህል ገንዘብ አፍስሰውም ኬኩ እዚያው ቤት አልተጋገረም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ ደግሞ የሐበሻ ቤት አጠገብሽ ነው። ልጅሽን አንድ ቅዳሜ እዚያ ውሰጃት፣ ጠዋት የተጋገረ ነገር ትቅመስ። ከዚያ በኋላም ያንን ከመረጠች... ልጅ ናት፣ ምን ታደርጊያለሽ።

ጥያቄ፦ የጾም ኬክ ውስጥ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ታዲያ ዋጋው ለምን ከፍስኩ ጋር እኩል ይሆናል? (ከመገናኛ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከፊሉ መልስ እውነተኛ ነው፦ በቅቤው ምትክ የአትክልት ቅባት ይገባል፣ ክሬሙም ከአትክልት ዘይት የሚሠራው ዓይነት ይሆናል፣ እሱም በነፃ አይመጣም። ኪራዩና የሠራተኛው ደሞዝም አይጾምም። ቢሆንም እኩል መሆኑ አይገባኝም። በበኩሌ ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፦ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ጾመኛው ፍሪጁ ውስጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ምርጫ የሌለው ሰው ዋጋ አይከራከርም። እኔ በጾም ወቅት ጣፋጭ ሲያምረኝ መንገድ ዳር ዘይት ውስጥ እየተጠበሰ ያለ ትኩስ ፓስቲ በሻይ ነው የምወስደው፤ ቫት የለው፣ ሰርቪስ ቻርጅ የለው።